መስመሩ በማሳችን ያልፋል፣ መብራቱ ግን አይደርሰንም፦ የገጠር ቀበሌ የኃይልና የአካባቢ ጥያቄውን ለውሳኔ የሚያደርስበት ዝርዝር መመሪያ

በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር ቀበሌዎች የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶ በጤፉና በበቆሎው ማሳ መካከል ተተክሎ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው ቤት ግን ማታ የሚበራለት በኩራዝ ወይም ከገበያ በተገዛች ትንሽ የፀሐይ ፋኖስ ነው። ነዋሪው ቅሬታውን በየስብሰባው ያነሣል፣ ኃላፊውም «ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው» ይላል፣ ነገሩም እዚያው ያድራል። አብዛኛው የገጠር ጥያቄ ሳይመለስ የሚቀረው ፍትሐዊ ስላልሆነ ሳይሆን፣ ለማይመለከተው መሥሪያ ቤት፣ በጀት ከተዘጋ በኋላና በቃል ብቻ ስለሚቀርብ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እነዚህን ሦስት ጉድለቶች ለማስቀረት ለሚፈልጉ የቀበሌ ኮሚቴዎች፣ የዕድር ኃላፊዎች፣ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄውን በትክክል መለየት

«መብራት ይግባልን» የሚለው ጥያቄ ለነዋሪው ግልጽ ቢመስልም ለመሥሪያ ቤቱ ግን ግልጽ አይደለም። በማሳው ላይ የሚያልፈው ምሰሶ የሚሸከመው መስመር ብዙውን ጊዜ 132፣ 230 ወይም 400 ኪሎ ቮልት ነው፤ ከእንዲህ ያለ መስመር ላይ በቀጥታ ወደ ቤት ሽቦ መዘርጋት አይቻልም። ኃይሉ መጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል፣ ከዚያም በየመንደሩ በሚተከል ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ዝቅ ብሎ ወደ ቆጣሪው ይደርሳል። ስለዚህ «ከዚህ ምሰሶ አገናኙን» የሚል ማመልከቻ የሚያገኘው መልስ «በቴክኒክ አይቻልም» የሚል ነው፤ መልሱም እውነት ስለሆነ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ትክክለኛው ጥያቄ «ለቀበሌያችን በቅርብ ርቀት የሚገኘው የ33 ወይም የ15 ኪሎ ቮልት መስመር የት ነው፣ ወደ እኛ እንዲራዘምስ በየትኛው ዓመት ዕቅድ ተይዟል?» የሚለው ነው። መልሱ በኪሎ ሜትርና በዓመት የሚነገር ስለሆነ በአጠቃላይ ቃል ሊታለፍ አይችልም።

የመሥሪያ ቤቶቹን ድርሻ መለየትም የዚሁ ሥራ አካል ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል፤ የኃይል ማመንጫዎችን፣ የከፍተኛ ኃይል መስመሮችንና ማከፋፈያ ጣቢያዎችን የሚገነባውና የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለውን ሥርጭትና የደንበኞችን አገልግሎት የሚመራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ምሰሶ ሲተከል የተቆረጠ ባሕር ዛፍና የተረገጠ ሰብል ካሳ የሚጠየቀው በመጀመሪያው በኩል ነው፤ የመስመር ማራዘሚያና የቆጣሪ ጥያቄ የሚቀርበው ደግሞ ለሁለተኛው ነው። ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ደብዳቤ አጣምሮ ማቅረብ ደብዳቤው ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመራ እንዲከርም ያደርገዋል። የተሻሻለ ምድጃ፣ ባዮጋዝና ከዋናው መስመር ውጭ የሆነ የፀሐይ ኃይል የወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሲሆን፣ የወንዝ ብክለት፣ የድንጋይ ካባና የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2025 እ.ኤ.አ. ሁሉም ዜጋ ኃይል እንዲያገኝ፣ ይኸውም 65 በመቶው ከዋናው መስመር 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ መንገድ እንዲሆን አቅዶ ነበር። ቀነ ገደቡ ግቡ ሳይመታ ቢያልፍም ክፍፍሉ ለኮሚቴው ጠቃሚ ነው፤ ቀበሌው በየትኛው ወገን እንደተመደበ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላልና። ከመስመር ውጭ የተመደበ ቀበሌ የመስመር ማራዘሚያ እየጠየቀ ዓመታት ከሚያባክን ምደባው እንዲለወጥ ወይም በምደባው መሠረት የሚገባው እንዲመጣለት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ኮሚቴ ማቋቋም፣ የሴቶችንም ስብሰባ ለብቻ ማካሄድ

ከየጎጡ ቢያንስ አንድ ሰው የተወከለበት፣ ከዘጠኝ ያልበለጠ አባል ያለው ኮሚቴ ለሥራ ይመቻል። አባላቱ በጠቅላላ ስብሰባ ይመረጡ፣ ምርጫው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ መጻፍ የማይችል ነዋሪም በጣት አሻራው ያረጋግጥ። ቃለ ጉባኤው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተገኙትን ሰዎች ብዛት፣ የተነሣውን ሐሳብና የተላለፈውን ውሳኔ መያዝ አለበት። ኮሚቴው ከየትኛውም ፓርቲ ጋር የሚያያዝ መልክ እንዳይኖረው መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ የመብራት ጥያቄ አንዴ የፖለቲካ ጥያቄ ተብሎ ከተፈረጀ ከዚያ ስም ለማውጣት ብዙ ድካም ይጠይቃል። የቀበሌ ሊቀመንበሩና ሥራ አስኪያጁ ከመጀመሪያው ቀን ይወቁ፤ አባል እንዲሆኑ ግን አልመክርም፣ ምክንያቱም ኋላ ደብዳቤው የሚጻፈው ለእነርሱ አለቆች ነው። ዕድር ባለበት ቀበሌ አዲስ ማኅበር ከመመሥረት ይልቅ የዕድሩን መዋቅር መጠቀም ይቀላል። ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ማኅበራትን በምዝገባው ግዴታ ውስጥ አላስገባቸውም።

የሴቶች ስብሰባ ለብቻው ይደረግ። በጋራ ስብሰባ ላይ ወንዶቹ አስቀድመው የሚያነሡት ወፍጮና ቴሌቪዥን ነው፤ እንጨት የሚሸከመው ጀርባ ያለው ግን በሌላው ወገን ነው። በገጠር ቤት ከሚቃጠለው እንጨትና ኩበት ከፍተኛው ድርሻ የሚውለው ለእንጀራ መጋገሪያ ሲሆን፣ ይህ እውነታ የጥያቄውን ይዘት ራሱን ይለውጠዋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ አምፖል የሚያበራና ስልክ የሚሞላ የቤት ፀሐይ መሣሪያ ሊጋግር ከቶ አይችልም። በመሆኑም «ሶላር ተሰጥቷችኋል» ተብሎ ፋይሉ የተዘጋበት ቀበሌ የእንጨቱ ችግር እንዳለ ይቀጥላል። ሴቶቹ የተጠየቁ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ከመብራቱ ጎን በሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት እስከ ግማሽ የሚቆጥበው «ምርጥ» የተባለው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ በአካባቢው ወጣቶች እንዲመረት ይጠይቃሉ፤ ይህም በወረዳው አቅም በአንድ የበጀት ዓመት ሊፈጸም የሚችል፣ ኮሚቴው በመጀመሪያ ሊያሸንፍበት የሚገባ ጥያቄ ነው።

ማስረጃ መሰብሰብ

ማስረጃው የግድ የጥናት ድርጅት ሥራ መሆን የለበትም። በየጎጡ ሁለት ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች ተመድበው የሚከተሉትን በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፦ የቤተሰቡን ብዛት፣ በወር ለናፍጣ፣ ለባትሪና ለስልክ መሙያ የሚወጣውን ገንዘብ፣ እንጨት ለመልቀም የሚፈጀውን ሰዓትና ስንት ቀን እንደሚኬድ፣ በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚለቅም። ከዚህ ቀጥሎ የጋራ ተቋማት ይቆጠሩ። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ተሰጥቶት በካርቶን ተቀምጦ እንደሆነ፣ ጤና ኬላው ክትባት የሚያቆይበት ማቀዝቀዣ በምን እንደሚሠራ፣ በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ አንድ ጣሳ እህል በስንት እንደሚፈጭና መብራት ባለው ጎረቤት ከተማ ዋጋው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። የወፍጮው የዋጋ ልዩነት በተለይ ከብዙ ገጽ ትንታኔ ይልቅ የምክር ቤት አባላትን ሲያሳምን ይታያል፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ ራሳቸው እህል ያስፈጫሉ።

ቁጥሩ አይጋነን። የወረዳው ባለሙያ ለማጣራት መጥቶ 400 የተባለው አባወራ 310 ሆኖ ቢያገኘው፣ የተቀረው ትክክለኛ መረጃ ሁሉ ዋጋ ያጣል። ብክለትን በሚመለከት ጉዳይ ደግሞ ቀን ያለው ፎቶግራፍ፣ የታመመው ወይም የሞተው እንስሳ ባለቤት ስምና ቀኑ፣ የእንስሳት ሐኪሙ የሰጠው ወረቀት፣ የወንዙ ውሃ ቀለሙ ወይም ሽታው የተለወጠበት ሰዓት ይመዝገብ። ፍሳሽ በሌሊት የሚለቀቅ ከሆነ የሰዓቱ መዝገብ ዋናው ማስረጃ ነው።

የሚጠቀሱት የሕግ ድንጋጌዎች

ማመልከቻው በሕግ ጥቅስ መታጨቅ የለበትም፤ ሁለት ወይም ሦስት ትክክለኛ አንቀጽ ይበቃል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አስፍሮ፣ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ማካካሻ እንደሚገባቸው ይናገራል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ደኅንነትን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍና ሥራ ላይ ሲውል የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ እንዳለበት ያዛል።

መረጃ ለማግኘት የሚረዳው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ የተከለከለ ሰው እስከ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ አቤት ይላል። የመስመር ማራዘሚያ ዕቅዱን፣ የካሳ ተመኑንና የተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርቱን ለማየት መነሻው ይህ ነው። አዋጆች ስለሚሻሻሉ ከመጥቀስ በፊት በወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያው ባለ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የቅርቡን ማሻሻያ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ማመልከቻው እንዴት ይጻፍ?

አንድ ገጽ ተኩል ይበቃዋል። ከላይ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ስም፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ቀበሌያችን እንዲራዘም ስለመጠየቅ» የሚል አንድ መስመር ይቀመጣል። በመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ የቀበሌውን ታሪክና የሕዝቡን ታታሪነት በማውሳት የሚጀምር ደብዳቤ አንባቢው ጉዳዩን እስኪያገኝ ድረስ ያደክመዋል። ሁለተኛው አንቀጽ ከደብተሩ የተወሰዱ አራት ወይም አምስት ቁጥሮችን ይይዛል። ሦስተኛው ሕጉን ይጠቅሳል። አራተኛው እንዲህ ዓይነት ይዘት ይኖረዋል፦

«ስለሆነም (1) ቀበሌያችን በየትኛው የበጀት ዓመት ዕቅድ እንደተያዘ፣ (2) ያልተያዘም ከሆነ ምክንያቱ፣ (3) የመስክ ጥናት የሚደረግበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

የጽሑፍ መልስ መጠየቁ ደብዳቤውን ከተራ ልመና የሚለየው ነገር ነው። ከታች የቃለ ጉባኤውና የፊርማው ገጾች በአባሪነት ይጠቀሱ፣ ግልባጭም ለወረዳው አስተዳዳሪ፣ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤና ለዞኑ ይደረግ። ማመልከቻው በእጅ ለኃላፊው ብቻ አይሰጥ፤ ወደ መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥርና ቀን ይሰጠው፣ በኮሚቴው ቅጂ ላይም ማኅተም ወይም ፊርማ ይደረግበት። ኃላፊዎች በየጊዜው ይዛወራሉ፣ መዝገቡ ግን ባለበት ይቆያል። ይህን አንድ ነገር ችላ ያለ ኮሚቴ በየዓመቱ ከዜሮ ሲጀምር ይኖራል።

መቼ ይቅረብ?

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በነሐሴ የቀረበ ጥሩ ማመልከቻ «በጀቱ ተደልድሏል» በሚል መልስ አንድ ዓመት ይገፋል። ስለዚህ አዝመራው ተሰብስቦ ገበሬው ጊዜ በሚያገኝበት በጥርና በየካቲት ስብሰባውና ቆጠራው ተጠናቆ፣ ማመልከቻው ከመጋቢት በፊት ቢገባ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው፤ ተወካዮች መራጩን ለማነጋገር የሚወጡትም በዚህ ዕረፍትና በክረምቱ ነው። ተወካዩ ሲመጣ አንድ ሰው ተነሥቶ የማመልከቻውን ቀንና የገቢ ቁጥር ጠቅሶ ቅጂውን ይስጥ። አሥር ሰው ተራ በተራ ስለ ችግሩ ቢናገር ተወካዩ የሚይዘው ስሜት እንጂ ጉዳይ አይሆንም።

ግድብ፣ የነፋስ ኃይል ወይም ካባ ወደ ቀበሌው ሲመጣ

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማኅበረሰቡ የሚጠይቀው እንዲመጣለት ሳይሆን የሚመጣው እንዳይጎዳው ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር ይከለክላል፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይ የሚነካው ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት በሪፖርቱና በግምገማው ውስጥ እንዲካተት ያዛል። በፌዴራል መንግሥት ፈቃድ የሚሰጠው ወይም ተጽዕኖው ከአንድ ክልል የሚያልፍ ፕሮጀክት በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የሚታይ ሲሆን ሌላው ለክልሉ መሥሪያ ቤት ነው።

የምክክር ስብሰባ ሲጠራ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመግቢያው ላይ የሚዞረው የስም መዝገብ ኋላ በሪፖርቱ አባሪ ሆኖ «ማኅበረሰቡ ተመካክሯል» ለሚለው ማስረጃ ይሆናል። መፈረም ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ርዕሱ «የተገኙ ሰዎች ዝርዝር» ይሁን «የተስማሙ ሰዎች ዝርዝር» ሳያነቡ መፈረም አይገባም፣ ባዶ ወረቀት ላይም በፍጹም አይፈረም። ኮሚቴው በዚያው ቀን የራሱን ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ የተነሡትን ተቃውሞዎችና ጥያቄዎች ዘርዝሮ፣ በሳምንት ውስጥ ለሚገመግመው መሥሪያ ቤት ቢያስገባ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ይኖራሉ።

ጥያቄዎቹ ከራስ ቀበሌ አጥር ማለፍ አለባቸው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል፤ ውጤቱ የታየው ግን በሌላ አቅጣጫ በዓባይ መውጫ በኩል ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ ነው፣ ፏፏቴው በብዙ ወራት ከቀድሞው እጅግ ሳስቷል። ከግድብ በታች ያለ ቀበሌ «በበጋ ስንት ውሃ ይለቀቅልናል፣ ማን ይለካዋል፣ መዝገቡንስ የት እናያለን?» ብሎ በቁጥር መጠየቅ ይገባዋል። ለነፋስ ኃይልና ለከፍተኛ መስመር ደግሞ የመዳረሻ መንገዱ የስንት ሰው ማሳ እንደሚቆርጥ፣ የከብት መተላለፊያው እንደሚዘጋ ወይም እንደማይዘጋ፣ ከግንባታ በኋላ በምሰሶዎቹ መካከል ማረስ እንደሚፈቀድ ይጠየቅ። በካባ ጉዳይ የፍንዳታ ሰዓትና የቤት ግድግዳ ስንጥቅ ዋናዎቹ ናቸው፤ ሥራው ሳይጀመር የየቤቱ ግድግዳ ፎቶ ቢነሣ ኋላ ስንጥቁ የቆየ ነው የሚለው ክርክር አይነሣም።

መሬት የሚወሰድ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና ማሻሻያው ተፈጻሚ ይሆናሉ። በ1161 መሠረት በዘላቂነት ከይዞታው ለሚፈናቀል የገጠር ባለይዞታ ምትክ መሬት ካልተሰጠው የማፈናቀያ ካሳው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይታሰባል። የምርቱ መጠን በግምት እንዳይወሰድ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር የተሸጠው እህል ደረሰኝና የግብርና ባለሙያው የምርት መዝገብ አስቀድሞ ይሰብሰብ። በመሬት ማስለቀቂያ ትዕዛዙ ወይም በካሳ ግምቱ ያልተስማማ ሰው ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚያመለክትበት ጊዜ በ30 ቀን የተገደበ ስለሆነ፣ ሽምግልናና የቃል ተስፋ እየጠበቁ ቀኑን ማሳለፍ መብቱን ያስቀራል።

መልስ ሲጠፋ

የብክለት ጉዳይ ከሁሉም የተሻለ መንገድ አለው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ አመልካቹ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። የገቢ ቁጥሩና ቀኑ ዋጋቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ 30 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በ299/1995 መሠረት በተሰጠ ፈቃድ ላይ ቅሬታ ያለው ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያቀርባል፣ ኃላፊውም በ30 ቀን መወሰን አለበት።

ለመብራት ጥያቄ እንዲህ ያለ የተቆረጠ ገደብ ስለሌለ በየወሩ አንድ አጭር የማስታወሻ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቁጥር እየጠቀሰ ይጻፍ፤ ከሦስተኛው በኋላ ወደ ዞንና ክልል፣ ከዚያም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሂድ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ወይም የክልሉ ጣቢያ ማነጋገር የሚጠቅመው ደብዳቤዎቹ ከተጠራቀሙ በኋላ ነው፤ ጋዜጠኛው ኃላፊውን ደውሎ ሲጠይቅ ቁጥርና ቀን በእጁ ሊኖር ይገባል። ሰላማዊ ሰልፍ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ በማሳወቅ የሚደረግ መብት ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ለገጠር ቀበሌ ከጥቅሙ ስጋቱ የሚያመዝንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ብዙ ጊዜ ለትራንስፎርመርና ለምሰሶ ገንዘብ አዋጥተው ለመላክ ይነሣሉ። ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሠራው የዋጋ ግምት በደብዳቤ ይምጣ፣ ክፍያውም በሕጋዊ ደረሰኝ ለመሥሪያ ቤቱ ሂሳብ ይግባ፤ በግለሰብ እጅ የገባ መዋጮ ኮሚቴውንም ጥያቄውንም አብሮ ያፈርሳል።

ከተፈቀደ በኋላ

«ተፈቅዷል» የሚለው ቃል ሥራው ያለቀ ያህል ስለሚያስደስት ኮሚቴዎች የሚበተኑት እዚህ ላይ ነው። የተፈቀደው መስመር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ትራንስፎርመር በየትኞቹ ጎጦች እንደሚተከል፣ የትኞቹ አባወራዎች በመጀመሪያው ዙር ቆጣሪ እንደሚያገኙ በጽሑፍ ይወሰድ። ትራንስፎርመሩ በመንገዱ ዳር ባለው ጎጥ ከተተከለ የዳር ጎጦች ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ፣ አንድ ቀበሌ ደግሞ መብራት ገብቶለታል ተብሎ አንዴ ከተመዘገበ ለቀሪዎቹ ጎጦች እንደ አዲስ መጠየቅ ይከብዳል። ስለዚህ ኮሚቴው የሥራ ርክክብ ሲደረግ በቦታው ተገኝቶ፣ ያልደረሳቸውን ጎጦች ስምና የአባወራ ብዛት የሚዘረዝር ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ለመዝገብ ቤት ያስገባ፣ የገቢ ቁጥሩንም ይቀበል።